ከአልጋው ሥር ያሉት ጭረቶች

«ይኼን ጠመኔ ከእጃቸው ውሰጂልኝ፣ የኔ እናት! ግድግዳውን ጨረሱት እኮ!» አሉ ተንከባካቢዋ፣ በያዙት እርጥብ ጨርቅ ወደ አልጋው እየጠቆሙ።

መርፌ ቀና ብላ አየች። ግድግዳው እስከ ሰው ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል። ከአያቷ ትራስ ጎን በነጭ ጠመኔ የተጫሩ አጫጭር መስመሮች ነበሩበት፤ ሁሉም ቀጥ ያሉ፣ እኩል የተራራቁ። አያቷ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል፤ ጠማማ መስመር ማስመር ቢፈልጉም አይችሉበትም።

«አባባ፣ ይስጡኝ በቃ፤ እትዬን አያድክሟቸው።»

አያቷ ከታመሙ ወዲህ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። ምላሳቸውም ቢሆን የሚሠራው ግማሽ ቀን ነው። ሳይለካ ጨርቅ የቆረጠ ተለማማጅ እንደሚያዩ ሁሉ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ጠመኔውን መዳፏ ላይ አኖሩት። ተንከባካቢዋ ግድግዳውን ጠረጉና ወደሚቀጥለው ክፍል በጥድፊያ ወጡ።

«መርፌ» ያሏት እኚሁ አያቷ ናቸው፤ ቀጭን ስለሆነች፣ ነገርም ስለምትወጋ። ተንከባካቢዋ ደግሞ የቅርብ ጓደኛዋ እናት ናቸው። ጓደኛዋን ክፍሉ በሙሉ «ራዲዮ» ነው የሚላት፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደተከፈተች ትውላለች፣ ባትሪም አትጨርስ። በአረጋውያን መጦሪያው ስድስት ወር ወረፋ ከጠበቁ በኋላ፣ «አንድ አልጋ ተለቋል፣ ቶሎ ኑ» ብለው የደወሉት የራዲዮ እናት ነበሩ። የመርፌ እናት ይኼን ውለታ በየቅዳሜው ታነሳዋለች። በየአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውንም ወረቀት በየቅዳሜው ታነበዋለች። ራሱን ችሎ መገላበጥ የማይችል ሰው በአንድ ጎኑ ሲከርም ቆዳው ይቆስላል። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡታል፤ ያገላበጠው ሰው ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። እናቷ ፊርማዎቹን እንደ ውጤት ካርድ ታይና፣ «ጎሽ! አንድም አልጎደለ!» ትላለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቷ ሥራ ስለነበራት መርፌ ብቻዋን መጣች። ሰባት ሰዓት ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የሒሳብ የቤት ሥራዋን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አያቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ናቸው። ከጎናቸው ባለው አልጋ ላይ፣ ድሮ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩት ሹፌሩ፣ ጣሪያውን እያዩ ተጋድመዋል። በሩን ከፍቶ የገባ ሰው የለም።

እርሳሷ አመለጣትና ወደ አልጋው ግርጌ ተንከባለለ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ሁለት ሰዓት፣ ተፈርሟል። አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ ተፈርሟል። አሥርም ተፈርሟል። አሥራ ሁለትም ተፈርሟል።

የግድግዳውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ከአሥር።

መርፌ ሥራ ላይ የሚዘገይ ሰው ታውቃለች፤ ራሷም አንዷ ናት። ባለቤቱን ጥሎ ሦስት ሰዓት ቀድሞ የደረሰ ፊርማ ግን አይታ አታውቅም።

«አባባ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ አገላበጡዎት?»

አያቷ በደህናው ቀኝ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ነካ ነካ አደረጉ። አልጋው ጎማ አለው፤ ከግድግዳው ቀስ ብላ አራቀችው። ከፍራሹ ዝቅ ብሎ፣ የተንከባካቢዋ ጨርቅ ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ ጭረቶቹ በመስመር በመስመር ተደርድረዋል። የመጀመሪያው መስመር አምስት ጭረት አለው። ከሱ በታች አራት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት። የመጨረሻው መስመር ላይ አንድ ጭረት ብቻዋን ቆማለች። ከዚያ በታች ቦታ የለም። ጭረቶቹ ወደ ትራሱ የወጡት ለዚህ ነው።

«ሲገለብጡኝ... አንድ» አሉ አያቷ፣ ቃሉን እንደ ወፍራም ጨርቅ በመርፌ እየበሱ። «ሲነጋ... አዲስ መስመር።»

«ወረቀቱ እኮ በየቀኑ ስድስት ይላል!»

«ወረቀት... አልጋ ላይ... አይተኛም።»

ከዚያ ሸሚዛቸውን ከዳሌያቸው ላይ ገለጥ አደረጉላት። አጥንቱ ላይ የሸሚዝ አዝራር የምታህል ቁስል ነበረች፤ ዙሪያዋ ቀልቷል። መርፌ አፏን በእጇ ያዘች።

«ለምን አልነገሩንም፣ አባባ?»

«እንግዳ ነኝ። እንግዳ... ፍራሹ ጎረበጠኝ... አይልም። ያቺ ሴትዮም... ብቻዋን ናት።»

መርፌ እጇን ኪሷ ከተተች። ጠመኔው እዚያው ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ከማስቲካ ወረቀት ጋር ሲንገላታ ከርሟል። አያቷ የነበራቸው አንድ ምስክር ይኼው ነው፤ እሱንም የቀማቻቸው ራሷ ናት።

ማታ እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማቻት። ቁስሉ ጋ ስትደርስ ቢላዋው ቆመ።

«ለመጦሪያው ኃላፊ እንንገር፣ እማዬ።»

«ቆይ እስቲ። አልጋውን ባስገኙልን ሴትዮ ላይ? የጓደኛሽ እናት ናቸው እኮ! ደግሞስ ‹ካልተመቻችሁ ውሰዷቸው› ቢሉን የት ነው የምናደርሳቸው? እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ፣ አንቺ ትምህርት ቤት።» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አልታወቀም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እኔው ራሴ ቀስ ብዬ አነጋግራቸዋለሁ።»

የእናቷ «ቀስ ብዬ» ምን ያህል ቀስ እንደሚል መርፌ ታውቀዋለች። የኩሽናው ቧንቧ ቀስ ተብሎ ሊጠገን ሲንጠባጠብ ሁለት ዓመት ሞልቶታል።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ለራዲዮ ነገረቻት። ከኋላዋ ከምታወራ ፊት ለፊት ብትናገር ይሻላል ብላ ነው። ራዲዮ መጀመሪያ ሳቀች።

«አቦ አታካብጂ! እናቴ ሁሌም ጠዋት ነው ፈርማ የምትገላገለው። ከሰዓት እጅ አይኖራትማ።»

«አያቴ ቆስለዋል።»

የራዲዮ ሳቅ ጠፋ። መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓደኛዋን ድምፅ አልባ ሆና አየቻት። ብዙም አልቆየ።

«ስሚ፣ ሁለት ሠራተኞች ከለቀቁ ሦስት ወር ሆነ። ሰው አልተተካም። እሷ ናት ያን ሁሉ አልጋ የምታየው። ማታ እግሯን ባልዲ ውስጥ ከታ ነው ራት የምትበላው፣ ገባሽ? ወረቀቱ ክፍት ከተገኘ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል። እና እናቴን ልታስባርሪ ነው?»

«እንደዛ አላልኩም።»

«በቃ ተይው። እኔ እነግራታለሁ፣ አያትሽን በደንብ ታያቸዋለች። ለኃላፊዋ ከተናገርሽ ግን አንድ ዴስክ ላይ አንቀመጥም። በእናቴ ቀልድ የለም።»

ደወሉ ተደወለ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ መሃሉ ላይ የሁለቱም ቅጽል ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል። መርፌ ሳምንቱን ሙሉ ያንን ጽሑፍ ስታይ ከረመች።

ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ሲደርሱ አያቷ ተለውጠዋል። ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ አንሶላቸው ተቀይሯል፣ ጀርባቸው በትራስ ተደግፏል። የራዲዮ እናት ሞቅ ያለ ሾርባ ይዘው ገቡ።

«አባባን ዛሬ ሦስቴ አገላብጫቸዋለሁ። ቁስሉንም ነርሷ አይታ ቅባት አዛለች» አሉና ለመርፌ በተለይ ፈገግ አሉላት።

«እግዜር ይስጥልን! እጅዎት ይባረክ!» አለች እናቷ። ሴትዮዋ ሲወጡ ወደ መርፌ ዞረች። «አየሽ? ነገር ቀስ ሲሉት ነው።»

እናቷ ራሷ አንድም ቃል እንዳልተናገረች መርፌ አላስታወሰቻትም። ጠመኔውን አውጥታ ለአያቷ መለሰችላቸው። ልክ ነው፣ ነገሩ አልቋል፤ አያቷም ደህና ናቸው፣ ዴስኩም ይተርፋል። ይኼን እያሰበች ሳለ ከጎን ካለው አልጋ ደረቅ ሳል ሰማች።

ሹፌሩ ጣሪያውን እያዩ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እንደነበሩት በጀርባቸው፣ በዚያው አንሶላ ላይ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። የውኃ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ጠረጴዛው ግን እጃቸው ከሚደርስበት አንድ ክንድ ርቆ ቆሟል። ወደ እሳቸው ስትጠጋ የሽንት ሽታ ተቀበላት። ጠያቂ መጥቶላቸው አያውቅም። ብርጭቆውን አፋቸው ላይ ያዘችላቸው፤ እስከ ታች ጨለጡት።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉ። «ውኃው እዚያ ማዶ ነው ያለው። መንገዱ ተበላሽቷል።»

የአልጋቸውን ግርጌ አየች። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት። ሁሉም ተፈርሟል። ሰዓቱ ስምንት እንኳ አልሞላም።

ስትዞር አያቷ እያዩዋት ነበር። ድሮ በልብስ መስፊያው ሱቅ፣ ተለማማጅ ያመጣላቸውን ኮት ፊቱን አያዩትም ነበር። ገልብጠው ገበሩን ነው የሚያዩት። «ፊቱንማ ደንበኛውም ያየዋል» ይሉ ነበር። አሁን ጠመኔውን ወደ እሷ ዘረጉት።

«ለሱ... ቁጠሪለት።»

መርፌ ጠመኔውን ያዘች። እናቷ ሹፌሩን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ፊቷ ላይ የነበረው እፎይታ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ወዴት ነው?» አለች፣ መርፌ ወደ በሩ ስትሄድ።

«ኃላፊዋ ጋ። ስንገባ ቢሯቸው ክፍት ነበር።»

እናቷ የራሷን ወንበር አንስታ በሁለቱ አልጋዎች መሃል አስቀመጠችው።

«ሂጂ። ከተጠየቅሽ እናቴም አይታለች በያቸው። እኔ እዚህ ሆኜ ሰዓቱን አያለሁ።»

ኮሪደሩ ጠባብ ነው። መሃሉን የአንሶላ ጋሪ ዘግቶታል፤ ከጋሪው ኋላ የራዲዮ እናት ቆመዋል። የግራ እግራቸው ስላበጠ ነጠላ ጫማቸውን በጎን በኩል በምላጭ ቀደውታል።

«ልጄ ነግራኛለች» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አያትሽን እያየኋቸው ነው፣ የኔ እናት። አላየሽም?»

«አይቻለሁ፣ እትዬ። ሹፌሩን ግን ማን ያያቸዋል?»

ሴትዮዋ አንሶላ ማጠፍ ጀመሩ፤ የታጠፈውን አንሶላ።

«ስንት አልጋ ነው ያለብዎት?» አለች መርፌ።

«ሃያ ስድስት።»

«ብቻዎትን?»

«ታዲያ ከማን ጋር?»

«መጀመሪያ እሱን ነው የምናገረው። ሃያ ስድስት አልጋ፣ አንድ ሰው ብዬ።»

«ፊርማውንስ?»

መርፌ ራዲዮ ያለችው ትዝ አላት። ሰኞ ዴስኩ ላይ ብቻዋን ትቀመጥ ይሆናል።

«ፊርማውንም፣ እትዬ።»

የራዲዮ እናት አልተቆጡም፣ አልለመኑም። ጋሪውን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ግድግዳው አስጠጉት። አንድ ቀጭን ልጅ የምታልፍበት መንገድ ተከፈተ።

የኃላፊዋ በር አሁን ተዘግቷል። መርፌ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

«ማነው? ግቡ!» አለ ከውስጥ የመጣ ድምፅ።

እጀታውን ስትጫን፣ ጥቁሩ በር ላይ ሦስት ነጭ የጠመኔ ነጠብጣቦች መቅረታቸውን አየች። በእጅጌዋ ልትጠርጋቸው ብላ ተወቻቸውና ገባች።