የኻልቲ ዛሂራ ቁጥር

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አሉ ኻልቲ ዛሂራ፣ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስግገው።

መላክ ካርዳቸውን እንደገና አየችው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ስም ግን ነጂብ ይላል። ነጂብ ደግሞ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ዶክተሯ እስክትጠራው ይጠብቃል።

«ማዓሌሽ ኻልቲ፣ ይቅርታ አክስቴ፣ ትንሽ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ከተሰደዱበት ከፖርት ሱዳን በአውቶቡስ መጥተው እግራቸው አብጧል። መላክም ደክሟታል። ጠዋት ውኃ ስትቀዳ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ደግሞ በቀጥታ ወደዚህ መጣች። አርካዊት ሰፈር ያለው ይህ የአበሾች ክሊኒክ በጦርነቱ ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተው በቅርቡ ነው። በሽተኛ የሚመዘግቡት እሷና የክፍሏ ልጅ ናዲር ናቸው።

«ምንድን ነው ያደረግኸው?» አለችው።

ናዲር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጦርነቱ ሊጀምር ሲል ተመዝግበው የሄዱትን ሰረዝኳቸው። ዳታቤዙ ግን የተሰረዘ ቁጥር መልሶ አይሰጥም፣ ዘሎ ይቀጥላል። ኃላፊያችን አቶ አንተነህ ‹ቁጥሩ ለምን ይዘላል?› እያሉ ጨቀጨቁኝ። ቁጥር የሚሰጠውን ቆጣሪ ወደ ኋላ መለስኩት። አዲሶቹ የሄዱትን ቁጥር ያዙ፣ ኻላስ፣ አለቀ።»

«የደም ምርመራውን ሠንጠረዥስ?»

ናዲር ያንን ሠንጠረዥ አልነካውም። ውጤቱ የተያያዘው ከስም ጋር ሳይሆን ከቁጥር ጋር ነው። መላክ ከፈተችው። የኻልቲ ዛሂራ የቆየ የስኳር ውጤት በነጂብ ስም ቁጭ ብሏል። ዶክተሯ ይህን አይታ ለጤነኛ ሰው የስኳር መድኃኒት ልታዝ ነው።

«ለሴትዮዋ አዲስ ካርድ ስጫቸው። መብራት ሲጠፋ ተበላሸ እንላለን» አለ ናዲር።

«ነጂብስ?»

«ወላሂ ነገር ታከብጃለሽ! ካወቁ ያባርሩኛል። የምለማመድበት ሌላ ኮምፒዩተር የት አገኛለሁ?»

መላክ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችና ቆጣሪውን እስከ ዛሬ ከተሰጠው ካርድ ሁሉ በላይ አደረገችው። ከእንግዲህ የሚመጣ ሰው የሌላ ሰው ቁጥር አይወስድም። ያለፈውን ግን ይህ አይመልሰውም።

«ነጂብ!» አለች ዶክተሯ ከውስጥ።

ነጂብ ተነሣ።

«ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ እኔ ልቅደም» አለችው መላክ።

ናዲር እጅጌዋን ያዘ። «ስሜን ትጠሪያለሽ?»

«ከጠየቁኝ እጠራዋለሁ። ያላ፣ አብረን እንግባ።»

ናዲር ከወንበሩ አልተነሣም። መላክ እጅጌዋን አስለቀቀችና በሩን አንኳኳች።