የላራሳቲ የጠዋት ክኒን

ዶክተር ላራሳቲን ሞታ ያገኛት የቤተ ሙከራው ዘበኛ ነው። በማቀዝቀዣዎቹ መካከል በጎኗ ወድቃ ነበር፤ ነጭ ጋዋኗ እንኳ አልተፈታም። ቁስል የለ፣ የትግል ምልክት የለ። ሉፐስ ከያዛት ዓመታት ስላለፉ በኢንዶኔዥያዋ ዮግያካርታ ከተማ የሚያውቃት ሁሉ በሽታው ገደላት አለ። የገዛ አካልን ጠላት አድርጎ የሚያጠቃ በሽታ ነውና ማንም አልተገረመም።

የተገረመው አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ብቻ ነው። ኩላሊቷም ልቧም ሉፐስ የተነሳበት ሰው አካል አይመስልም ሲል ለኢንስፔክተር ሩክሚኒ ነገራት። ሉፐስን ለማስታገስ የሚሰጠውን ስቴሮይድ ለዓመታት የወሰደ ሰው በአንዴ ካቋረጠ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል፤ በላራሳቲ ደም ውስጥ ደግሞ የስቴሮይዱ ርዝራዥ እንኳ አልነበረም። ሩክሚኒ ታናሽ እህቷን የቀበረችው በዚሁ በሽታ ነው። ሐኪሙ የነገራትን ለማንም ሳትተነፍስ ምርመራዋን ጀመረች።

የሟች ባል ባጋስካራ የሙዚቃ መምህር ነው። ሚስቱ መድኃኒቷን ትታ እንደሆነ ሩክሚኒ ስትጠይቀው በአሉታ ራሱን ነቀነቀ።

«በየጠዋቱ ዓይኔ እያየ ነው የምትውጠው። ውሃውን የማቀብላት እኔ ነኝ» አለ። «ሰሞኑን ይደክማት ነበር፣ ያስመልሳትም ነበር። ያረገዘች መስሎኝ...» አልጨረሰውም።

አብራቸው የምትኖረው የሟች እህት ዌኒንግ ግን ሳትጠየቅ ቀድማ ተናገረች። «የሰፈሩን ወሬ ሰምተው ነው የመጡት፣ አይደል? የእህቷን ባል ወደደች ይሉኛል። ጋሽ ባጋስ ከበሮውን ሲያነሳ እኮ ቤት ጥዬ ነው የምሸሸው።»

ፈገግ አለችና ፈገግታዋ ወዲያው ጠፋ። ሩክሚኒ ስለ ክኒኑ ጠየቀቻት። ዌኒንግ እንደምትለው መድኃኒቱ በጣም ስለሚመር እህቷ የምትውጠው በኮኮነት ስኳር ነበር፤ ስኳሩን የምትቆርስላት ደግሞ እሷ ናት። በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን እትዬ ላራስ ስኳሩን መለሰችላት። «ተይው፣ የአሁኑ አይመርም አለችኝ። ፋብሪካው ያሻሻለው መስሏት ነበር።»

ሦስተኛው ፕሮፌሰር ሱዳርማጂ ናቸው። ላራሳቲን ከተማሪነቷ ጀምሮ ያሳደጓት፣ ቢሮም ከእሷ ጋር የሚጋሩት እሳቸው ናቸው። ቅድመ አያቶቻችንን ከብዙ ሺህ ትውልድ በፊት የለከፉ ቫይረሶች ቁራጫቸው በዘረመላችን ውስጥ ቀርቷል፤ አብዛኛው ዝም ብሎ ይኖራል አሏት። በአንዳንድ ሰው ግን ሲነቃ አካል በጠላት የተወረረ መስሎት ራሱን ይወጋል ብለው ይጠረጥራሉ። ያንን ቁራጭ መልሶ የሚያስተኛ መድኃኒት እየሞከሩ ነው፤ ላራሳቲም ፈቅዳ ከወሰዱት አንዷ ነበረች።

«ይሠራል» አሉ ፕሮፌሰሩ ዓይናቸው እየበራ። «ያለ ስቴሮይድ እንኳ ቆማ ስትሠራ አይቻታለሁ። ሉፐሱ አልተመለሰም።»

ሩክሚኒ አመስግናቸው ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ብዙ ተቀመጠች። እህቷ በሕይወት ሳለች እንዲህ ያለ መድኃኒት ተገኘ ቢሏት ኖሮ በእግሯ ሄዳ ታመጣላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ላራሳቲ መድኃኒቷን አላቆመችም» አለች። «ክኒኑን በየቀኑ ስትውጥ ባሏ አይቷል። ደሟ ውስጥ ግን ስቴሮይድ አልነበረም። እንግዲያው የዋጠችው ሌላ ነገር ነው። አለመምረሩም ይህንኑ ይናገራል። ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ አስመረመርኩ፤ ክኒኖቹ ስታርች ብቻ ናቸው።»

ባጋስካራ ወደ ዌኒንግ ዞረ።

«እሷ አይደለችም» አለች ሩክሚኒ። «ብትሆን ኖሮ ስለ ጣዕሙ አትነግረኝም ነበር። ስቴሮይዱን የሚመስል ባዶ ክኒን ለሙከራው ማነጻጸሪያ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሚገኘውም እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ቁልፉ ያለው ፕሮፌሰሩ ጋ ብቻ ነው። ቦርሳዋም ቀኑን ሙሉ የሚውለው እሳቸው ቢሮ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ቁልፍ መያዝ ወንጀል እንዳልሆነ ተናገሩ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር።

«አይደለም» አለች ሩክሚኒ። «ግን ስቴሮይዱ መቋረጡን እኔና ሐኪሙ ብቻ ነበርን የምናውቀው። ላራሳቲ ራሷ አታውቅም ነበር። እርስዎ ግን ያለ ስቴሮይድ ቆማ ስትሠራ አየኋት አሉኝ።»

ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። መካዱን ተዉት።

«ልገድላት አልነበረም» አሉ። «እንደ ልጄ ናት። ድና ሳለ ስቴሮይዱን መተው ፈራች። ከእሷ በኋላ የሚጠብቁ ስንት ሰዎች አሉ። አንድ ቀን፣ ይኸው ያለ ስቴሮይድ ከርመሻል፣ ብዬ ላስደንቃት ነበር። ሲደክማት ያልፋል አልኩ።»

ባጋስካራ ፊታቸው ቆመ። እጁን አላነሳም።

«ምን አለ ብትጠይቋት?» አለ። «ለሙከራው ስንት ነገሯን ሰጥታለች። እሺ ትልዎት ነበር እኮ።»

«ጠይቄያት ነበር» አሉ ፕሮፌሰሩ። «እምቢ አለችኝ።»