የመጀመሪያው ቅል ውኃ

«ድገሚው!» አሉ ጭቃ ሹም ጓንጉል።

ጥሩሐረግ ለአባቷ ደገመችላቸው። «ይህን መንደር ያቀኑት አያቴ ናቸው። አንበሳ ገድለው ምንጩን አገኙ።»

አንበሳው ትናንት ነብር ነበር። አንድ ቀን ቢጨመርላቸው ዝሆን ማድረጋቸው አይቀርም። ሰቆጣ ትምህርት ቤት መምህሯ ካርታ ላይ ፈልገው ያጧት መንደር፣ ከቁንጫ በቀር ሌላ ነገር ያልተረፋት፣ አንበሳ አማራት!

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ምክትል ገዢው ዛሬ የሚመጡት በሸማኔው በዓሊዬ ቦታ ላይ ሊፈርዱ ነው። ቦታው ምንጩ አጠገብ ስለሆነ ጓንጉል ለጌሾ ተክል ተመኝተውታል። ዓሊዬ መጤ ከተባሉ ከነቤተሰባቸው ይነቀላሉ። ልጃቸው ሙሚና የጥሩሐረግ የልብ ጓደኛ ናት።

«አባባ፣ ለምን ራስዎ አይናገሩትም?»

«የተማረ ሲናገረው ይታመናላ! ለዚህ አይደል ያስተማርኩሽ?»

ገዢው በበቅሎ ምንጩ ዘንድ ደረሱ። ዕለቱ ምንጩ በዓመት አንዴ የሚጠረግበት ቀን ነበር፤ መንደርተኛው ጠርጎ ጨርሶ እዚያው ቆሟል።

«ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ ዓሊዬ ትናንት የመጣ መጤ ነው!» አሉ ጓንጉል። «ታሪኩን ልጄ ትነግርዎታለች።»

«መጀመሪያ ውኃ ስጡኝ» አሉ ገዢው።

የጓንጉል አሽከር ቅል ይዞ ወደ ምንጩ ጎንበስ ሲል ጓንጉል ደንግጠው ጮኹ። «ተው አንተ! ዓሊዬ ሳይቀዳ? ምንጩን ልታደርቅብን ነው?»

ምንጩ በተጠረገ ቀን የመጀመሪያውን ቅል የሚቀዳው የምንጩ ቆፋሪ ዘር ነው። ድሮ የዓሊዬ አባት ይቀዱ ነበር፤ ዛሬ ዓሊዬ ይቀዳሉ። ሌላ ሰው ከቀደመ ውኃው ይሸሻል ብሎ መንደሩ በሙሉ ይፈራል። መሬቱን ሊቀሙ የተነሡት ሰውዬም ይፈራሉ።

ዓሊዬ ወርደው ቀዱ። ገዢው ጠጥተው ጺማቸውን ጠረጉ። «እህ፣ ታሪኩስ?»

እውነቱን የሚያውቁት የመንደሩ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። በየሰንበቴው ስለ ጀግንነት የሚደነፉት እነዚህ ናቸው እንግዲህ! ጥሩሐረግ ናቀቻቸው። አባቷንም ናቀች። ጠዋት አንድ ቃል ሳትስት የደገመችበትን የራሷን አፍ ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ናቀችው። ሙሚና ከአባቷ ኋላ ቆማ ታያታለች።

ጓንጉል በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። «በይ እንጂ! አንበሳውን!»

ጥሩሐረግ ከአባቷ ራቅ ብላ ቆመች።

«ጌታዬ» አለች፣ «አሁን የጠጡትን ውኃ ቆፍረው ያወጡት የጋሽ ዓሊዬ አባት ናቸው።»