ሰባትን ያልሞከረችው ልጅ

ቶሎቶሎ አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ስሟ እንኳ አይደለም፤ ችኩል ስለሆነች ሠፈሩ ያወጣላት ነው። ከልብስ ሰፊዋ እናቷና ከወንድ አያቷ ጋር ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች። የስፌት ማሽኑ መስኮቱ ሥር ነው፤ የአያቷ አልጋ ደግሞ ከማሽኑ አጠገብ።

አያትየው ብርድ አይችሉም። ስለዚህ እናትየው የቤተሰቡን አሮጌ ልብሶች እኩል እኩል ቆራርጣ ብርድ ልብስ ልትሰፋላቸው ተነሳች። ቁራጮቹ ዘጠና አንድ ሆኑ።

«ነይማ፣ የሒሳብ ሊቅ!» አለች። «በስንት ረድፍ ብደረድረው ነው ሳይጎድል ሳይተርፍ የሚገጥምልኝ?»

ቶሎቶሎ ለሁለት አካፈለች፤ አንድ ተረፈ። ለሦስት፤ አንድ ተረፈ። ለአምስት፤ አሁንም አንድ ተረፈ። ቀጥሎ ሰባት ነው። እስቲ የሰባትን ማባዣ የሚወድ እጁን ያውጣ! አያችሁ? እሷም አትወደውም። ደግሞ ጓደኞቿ ገመድ ይዘው ከውጭ «ነይ እንጂ!» ይሏታል።

«ብቸኛ ቁጥር ነው፣ እማ! ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም።»

«በሁሉም ሞክረሻል?»

«ሞክሬያለሁ አልኩሽ!» ብላ በረረች።

እናትየው አመነቻት። ዘጠኝ ረድፍ በአስር፣ ዘጠና እንዲሆን አንድ ቁራጭ መውጣት ነበረበት። ሁሉም ወፍራም ነው፤ ስሷ አንዲት ብቻ ናት፣ ከአያትየው ሟች ሚስት ሻሽ የተቆረጠችው። ሽማግሌው በጣታቸው ዳሰሷትና «እንግዲህ ልጄ ሞክራ ካጣች ምን ይደረግ፣ ትውጣ» አሉ። ቁራጯም ቅርጫት ውስጥ ገባች።

ቅዳሜ ቶሎቶሎ የማሽኑን ዘይት ልትወለውል ከቅርጫቱ ሳታይ አንድ ጨርቅ አነሳች። የትኛውን እንደሆነ ገባችሁ አይደል?

ሰኞ መምህሯ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ ሰባት ሲባዛ በአስራ ሦስት፣ ዘጠና አንድ። ሰባትም አስራ ሦስትም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ዘጠና አንድ ግን አይደለም። ቶሎቶሎ የእናቷ ቁራጮች ትዝ አሏት። ሰባት ረድፍ፣ በየረድፉ አስራ ሦስት! አንዲትም ቁራጭ ባልወጣች ነበር።

ሮጣ ቤት ስትደርስ ብርድ ልብሱ ገበሩ ሳይቀር ተሰፍቶ አልቋል። ቁራጯ ደግሞ በዘይት ጠቁራለች። በሳሙና አጠበቻት፤ ደግማ አጠበቻት። ወይ ፍንክች!

«አባባ፣ ዋሽቻለሁ» አለች እያለቀሰች። «ሰባትን አልሞከርኩም።»

ሽማግሌው ቁራጯን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሷት። ልጆች፣ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«እኔ እኮ ቁጥር አላውቅም» አሉ። «ቁራጯን የሰጠሁት አንቺን አምኜ ነው።»

ይቅር አሏት፤ ራሷንም ዳበሷት። ያችን ቁራጭ ግን አጣጥፈው ትራሳቸው ሥር አደረጓት። ቶሎቶሎ አልጋቸውን ባነጠፈች ቁጥር ታገኛታለች፤ ታለቅስና መልሳ በቦታዋ ታስቀምጣታለች። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» መባሉ ለካ ወዶ አይደለም!

ልጆቼ፣ ያልሞከራችሁትን ሞክሬያለሁ አትበሉ፤ እግዚአብሔርም ሰውም ይቅር ይላል፣ ዘይቱ ግን አይለቅም።