ለኔ ብሎ የጨመራቸው አሳዎች

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሰደብኩት። አሁንም አልጸጸትም!

የሥነ ምህዳር ባለሙያ ነኝ። ተማሪዎች ወደ ማዕከላችን ይመጣሉ፤ ኩሬው ዳር አስቀምጬ ውሃውና ጭቃው ውስጥ ማን ማንን እየበላ እንደሚኖር አሳያቸዋለሁ። አዲሱን አትክልተኛ የኩሬውን ሣር በማጭድ ሙልጭ አድርጎ ሲያጭድ አገኘሁት።

«አንተ! ምን እያደረግክ ነው?»

«እያጸዳሁ...»

«የስንቱን ቤት እያፈረስክ ነው! የእንቁራሪት እንቁላል የተጣበቀው እዚያ ላይ ነው፣ አይታይህም?»

ማጭዱን ጥሎ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆይቶ ቀና አለና፣ «እህቴ፣ ከመሳደብሽ በፊት ብታስተምሪኝስ?» አለኝ። ዓይኑ ይስቃል። ብሽቅ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓቱን እኔ ጋ አደረገው። አጉሊ መነጽሬን ይቀማኝና ከእንቁላሉ የወጡትን እጮች ያያል። «ዛሬም ጅራት ብቻ! እግር የሚባል ነገር የለም» ይለኛል፣ የጎረቤት ልጅ እንደሚያማ ሰው። ወደድኩት። ምን ይደረጋል! እናቴ «ይሄ ቁጣሽ ባል ያሳጣሻል» ስትል ኖራለች፤ እኔ ግን ተቆጥቼ አገኘሁ።

ለስልጠና ሄጄ ስመለስ ኩሬው ቀያይ አሳ ሞልቶበታል። ሣሩን ገለጥኩ፣ ጭቃውን ዛቅኩ... አንድ እጭ የለም! ልጆቹ ከእንቁላል ጀምረው የተከታተሏቸው፣ በሚቀጥለው ሳምንት እግር አብቅለው ሊያዩዋቸው የነበሩት፣ ሁሉም ተበልተዋል። ኃላፊያችን ደግሞ ድሮም «የሚታይ ነገር ከሌለ ኩሬውን በሲሚንቶ አስለስኜ ፏፏቴ አደርገዋለሁ» ሲል ነው የከረመው። ደሜ ፈላ።

አትክልተኛው ፈገግ ብሎ መጣ። «ወደድሻቸው?»

«ኃላፊው ያምራል እንዲልህ ነው አይደል? ለሹመት!»

«ኧረ እኔ...»

«ዝም በል! ዓይንህን እንዳላይ!»

ሲደውል ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሲያንኳኳ አልከፈትኩም። አልቅሻለሁ፤ ግን በንዴት ነው።

ልጆቹ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ኃላፊው ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣና የአትክልተኛውን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው! ከዛሬ ጀምሮ የአትክልተኞቹ አለቃ ነህ።»

ይኸው፣ ያልኩት አልቀረም!

አንዲት ተማሪ ኩሬው ላይ ጎንበስ አለችና፣ «እጮቻችንስ?» አለች። ሁሉም እኔን አዩ። አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ።

«አሳዎቹ በልተዋቸዋል። አሳዎቹን የጨመርኩት እኔ ነኝ። መምህራችሁ ኩሬ በሕይወት ሲሞላ ደስ ይለኛል ብላኝ ነበር። ላስደስታት ብዬ ሳልጠይቃት ጨመርኩ።»

የኃላፊው ፊት ጠቆረ። «ምን ትቀባጥራለህ?»

«ጌታዬ፣ ሹመቱ ይቅርብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የትምህርቱ አይደለም። ኩሬውን አይንኩባት።»

ለኔ? እነዚያን በላተኞች የጨመረው ለኔ ብሎ? ወደ ልጆቹ ዞርኩ።

«የዛሬው ትምህርታችን ይሄው ነው! እጮች የማያውቁት አዳኝ ቤታቸው ሲገባ ምን እንደሚደርስባቸው አያችሁ?»

ልጆቹ ጥያቄ አዘነቡብኝ። ይዟቸው የመጣው አስተማሪ፣ «እንቁላሉ እስኪመለስ እየመጣን እንከታተላለን» አለ። ኃላፊው የሲሚንቶውን ነገር ሳያነሳ ትቶን ሄደ። ሹመቱም አብሮት ሄደ።

አትክልተኛው ሱሪውን ሰብስቦ መረብ ይዞ ኩሬው ውስጥ ገባ። አሳው እየተሙለጨለጨ አላገጠበት።

«እንደዚያ አይያዝም!» ብዬ ከነጫማዬ ገባሁ። «ለኔ ብለህ ከሆነ ለምን አልነገርከኝም?»

«በሩን ከፍተሽልኝ?»

እውነቱን ነው፤ ይሄ ደግሞ ይባስ አናደደኝ።

«አግቢኝ» አለ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ።

«አገባሃለሁ! ይቅር ማለቱን ግን እንቁራሪቶቹ ሲመለሱ እናየዋለን!»

ተጋባን። ዝናቡ የገባ ሰሞን እያለከለከ መጥቶ ክንዴን ያዘ።

«ነይ እዪ! እንቁላል ጥለዋል... ምንም አልነካሁም!»

ያን ቀን ይቅር አልኩት።