የፈንታው መርዶ

«አባ፣ የአክሱም መንገድ እንዴት ነው?»

«አቧራው አያስኬድም።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። በቤተ ማርያም ግቢ ጥግ የተቀመጠው መነኩሴ የመንግሥት ሰላይ ነው። የምስጢር ስሙ «ጭልፊት»፣ እናቱ ያወጣችለት ደግሞ ፈንታው። ጠያቂው የላሊበላው ካድሬ ጋሻዬ ነው።

«ሽሬ ላይ ጦሩ አልቋል» አለ ፈንታው። «በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት። ወንበዴው ነገ እዚህ ይደርሳል። አሸተን ተራራ ላይ ምሽግ የያዙትን ሚሊሻዎች ዛሬውኑ አስወጣቸው። ይከበባሉ።»

«ራዲዮው ድል ነው ያለው።»

«ራዲዮው ሽሬ አልነበረም!»

«እሺ። ለበላይ አስተላልፋለሁ።»

ፈንታው በገነ። ቆቦ ላይ ለአለቆቹ ነገራቸው፣ ወልድያ ላይ ነገራቸው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ነፍሱን አስይዞ ላመጣው እውነት አንድ ሰሚ አጣ።

ተነሥቶ ዞር ሲል ሁለት ታጣቂዎች በሩን ይዘዋል። ጋሻዬ ጣቱን ቀሰረ።

«ወሬ ነዢው ያ ነው! ያዙት!»

ሸጠው።

ፈንታው አብያተ ክርስቲያናቱን ወደሚያገናኘው የዋሻ መንገድ ዘሎ ገባ። ግድግዳውን እየዳበሰ በጨለማው ሮጠ። በልጅነቱ የተሯሯጠበት መንገድ ነውና በወዲያኛው በኩል ብቻውን ወጣ።

አሁንስ ማን ያምነዋል? ምሽጉ ውስጥ ያሉት አብሮ አደጎቹ ናቸው። የራዲዮ ድል ሲጠብቁ ሊያልቁ ነው። በዚህ አገር ሰው የማይጠራጠረው አንድ ወሬ ብቻ አለ።

መርዶ።

ወደ ትውልድ መንደሩ ወጥቶ የቄስ አረጋን በር አንኳኳ። ጺሙና ቆቡ ሸፍነውታል፤ ቄሱ አላወቁትም።

«አባቴ፣ ከሽሬ ነው የመጣሁ። መርዶ ይዣለሁ።»

«የማን?»

የሌላ እናትን ልጅ በሐሰት ሊገድል አልደፈረም። የቀረው የራሱ ስም ነበር፤ መንደሩ እሱን የሚያውቀው ሽሬ እንደዘመተ ወታደር ነው።

«የወይዘሮ አልጣሽ ልጅ፣ ፈንታው። ከነጓዶቹ አለቀ። እኔው ነኝ የቀበርሁት።»

ቄሱ አማተቡ።

ሲነጋጋ ሽማግሌዎች አልጣሽ ደጅ ቆሙ። ጩኸቱ ተራራውን ሞላው። ሚሊሻዎቹ ሰምተው ለልቅሶው ወረዱ። የፈንታው ጦር እንዳለ ማለቁን ከቄሱ አፍ ሲሰሙ ራዲዮውን ረሱት። ካለቀሱ በኋላ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ቆላው ተበተኑ።

ምሽጉ ባዶ ቀረ።

ፈንታው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ እናቱ ደረቷን ስትደቃ ያያል። «አለሁ እኮ!» ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ከጮኸ ግን ሚሊሻዎቹ ወደ ምሽጉ ይመለሳሉ። ጥርሱን ነከሰ። ጋሻዬን ረገመ፣ ራዲዮውን ረገመ፣ ራሱንም ረገመ።

ነጠላዋን የዘቀዘቀች ለቀስተኛ መንገድ ላይ አገኘችው።

«አባቴ፣ ለፈንታው ነፍስ ይጸልዩለት።»

«እግዜር ነፍሱን ይማር» አላት፤ ቆቡን ዝቅ አድርጎም የፍላቂትን መንገድ ያዘ።