ጥላ ማለት

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች ካፒቴን ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ከመምህራን ክፍሉ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አራት ሆነው ተጣበው ተቀምጠዋል። ዲክሽነሪ መሃል ናት። በቀኟ የመረብ ኳስ ቡድኑ አምበል ስለሆነች ትምህርት ቤቱ ሁሉ ካፒቴን የሚላት ጓደኛዋ፣ በግራዋ ደግሞ መንትዮቹ አሉ። ተነሥታ ልሂድ ብትል እንኳ የአንዷን ጉልበት ሳትገፋ መውጣት አትችልም።

«ጥላ ማለት ከፀሐይ የሚያስጠልል ማለት ነው» አለች ዲክሽነሪ። «ጥላ ከለላ ይባላል። ሰው ሲያከብርሽ ነው ጥላዬ የሚልሽ። ስድብ ቢሆን ኖሮ…»

«…መዝገበ ቃላት ላይ ስድብ ተብሎ ይጻፍ ነበር! አለቀ፣ ደቀቀ!» ካፒቴን ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?»

ዲክሽነሪ የሚለውን ስም ያወጡላት ቃል ስለምትወድ ነው። ክርክር ሲኖር እሷ ካለችበት ቡድን ጋር መግጠም የሚፈልግ የለም። ሌላ ጊዜ እንዲህ ስትሞገስ ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ግን ሙገሳው ሳይላመጥ እንደተዋጠ ጉርሻ ደረቷ ላይ ቆመ።

ነገሩ የጀመረው አዲሷ ልጅ ትምህርት ከተጋመሰ በኋላ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ ስትመጣ ነው። ክፍት ቦታ የነበረው ከዲክሽነሪ ጎን ብቻ ስለነበር እዚያ ተቀመጠች። ዲክሽነሪም ቤተ መጻሕፍቱን አሳየቻት፤ መቀርቀሪያው የሚሠራው መጸዳጃ የትኛው እንደሆነ ነገረቻት፤ ያለፈውን ማስታወሻም አዋሰቻት። ልጅቷ ከዚያ በኋላ አልተለየቻትም። በር ላይ ትጠብቃታለች። ዲክሽነሪ ስትስቅ፣ ነገሩ ሳይገባት ትንሽ ዘግይታ ትስቃለች።

አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ውሃ ሲጠጡ ካፒቴን ልጅቷን ከሩቅ አይታ ዲክሽነሪን «አንቺ፣ ጅራት አበቀልሽ እንዴ?» አለቻት።

ዲክሽነሪ ፊቷ ጋለ። «ምን ላድርግ፣ እንደ ጥላ እኮ ነው የምትከተለኝ» አለች።

መንትዮቹ ውሃው በአፍንጫቸው እስኪወጣ ሳቁ። ካፒቴን ሆዷን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። ዲክሽነሪ እንደዚያ አስቃቸው አታውቅም። አዲሷ ልጅ ደግሞ ከሩቅ ሆና፣ እንደ ልማዷ፣ ዘግይታ ሳቀች።

በማግስቱ ክፍሉ ልጅቷን በሹክሹክታ «ጥላ» ይላት ጀመር፤ ዴስኳ ላይም በጠመኔ የተሳለች ትንሽ ጃንጥላ ተገኘች። ከዚያ ጃንጥላው ሰሌዳው ጥግ ላይ፣ በሩ ላይ፣ ወንበሯ ጀርባ ላይ ሁሉ ፈላ። የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልጅቷ «የቤት ሥራው ገጽ ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቅ ከመልስ ይልቅ የጃንጥላ ምስል ይደረደርላታል። ክፉ ቃል የተናገረ ግን አልነበረም። «ምን ማለታችሁ ነው?» ስትል «ጃንጥላ ነዋ! አይተሽ አታውቂም?» ይሏታል። ዲክሽነሪም አንድ ቀን ጠመኔው እጇ ላይ ሲደርስ ሳለች፤ እጀታውን ሳይቀር አሳምራ።

አዲሷ ልጅ ከዚህ ሳምንት መጀመሪያ አንስቶ ከትምህርት ቤት ቀረች። ዛሬ አባቷ ይዟት መጣ፤ አራቱም ወደ መምህራን ክፍሉ ተጠሩ።

«ግቡ» አለ ድምፅ ከውስጥ።

አባትየው የታክሲ ሹፌር ነው። ወንበር ቢሰጡትም አልተቀመጠም፤ መኪናውን መንገድ ዘግቶ ስላቆመ ቁልፉን በጣቱ ላይ እያሽከረከረ በመስኮት ያያል። ልጅቷ ከጎኑ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። የክፍላቸው ኃላፊ የአማርኛ መምህርቷ ናት። የዴስኩን ፎቶ ከስልኳ እያሳየችው ነበር።

«መምህርት፣ እኔ እንጃ፣ አልገባኝም» አለ አባትየው። ወደ ልጁ ዞረ። «ይሄ ጃንጥላ አይደለም እንዴ? ለጃንጥላ ነው አልማርም ብለሽ በር የዘጋሽው?»

«ጃንጥላው አይደለም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ዲክሽነሪ ልጅቷ ቃል ስትፈልግ፣ ስታጣም አየች። ምን ብትል መጨረሻው ጃንጥላ ነው። በጃንጥላ ተበደልኩ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ደግሞ ያስቃል እንጂ አያሳዝንም።

መምህርቷ ወደ አራቱ ዞረች። «ባለፈው ምን ተማርን? ቃልም ሥዕልም የሚያሳየን ነገር አለ፤ እማሬያዊ ፍቺ እንለዋለን። ሆዳችን ውስጥ የሚቀሰቅሰው ደግሞ አለ፤ እሱ ፍካሬያዊ ነው። እናንተ ጥላ ስትሏት ምን ማለታችሁ ነው?»

«ዲክሽነሪ ታስረዳዎት፣ ቲቸር» አለች ካፒቴን ፈጠን ብላ። «ቃል የምትችለው እሷ ናት።» ከጀርባቸው በኩል የዲክሽነሪን እጅ ፈልጋ ጨበጠችው። ጥብቅ አድርጋ።

«ጥላ ማለት…» አለች ዲክሽነሪ። «ከፀሐይ የሚያስጠልል ማለት ነው። ጥላ ከለላ ይባላል። ሰው ሲያከብርሽ…»

የአባትየው ፊት ፈታ አለ። ጎንበስ ብሎ የልጁን ትከሻ ያዘ። «አየሽ? አየሽ፣ እናቴ? ክፉ አይደለም እኮ!»

ልጅቷ ቀና አላለችም። ትከሻዋ ብቻ፣ አባቷ እጁን ካሳረፈበት ቦታ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።

ዲክሽነሪ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንዱም ውሸት አይደለም። መዝገበ ቃላት ቢገለጥ ሁሉም ይገኛል። ካፒቴን እጇን ጨመቀችው፤ ቀጥዪ ማለቷ ነው። ክፍሉ ጠበባት። መስኮቱ ዝግ ነው፤ አንዷ መንትያ ጆሮዋ ሥር ትተነፍሳለች።

«ይሄ እማሬያዊው ነው» አለች በመጨረሻ።

«ሌላውስ?» አለች መምህርቷ።

«ሌላው… የማትፈለግ ማለት ነው። ሳይጠሯት የምትከተል።» ቃላቱ በደንብ የተሰደሩ አልነበሩም። «እኔ ነኝ ያልኩት። የምትከተለው እኔን ነበር። ያው… መጀመሪያ ደግ ሆኜላት ስለነበር ነው። ከዚያ ጓደኞቼ ሲያዩኝ አፈርኩባት። ጃንጥላውንም ስያለሁ።»

የቁልፉ ድምፅ ቆመ። ካፒቴን እሳት እንደነካት ሁሉ እጇን መነጨቀች።

አባትየው አልጮኸም። ልጁ ፊት ቁጢጥ አለ። «ይሄንን ነበር ልትነግሪኝ የፈለግሽው?»

ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አለቀሰች፤ ፊቷን ደረቱ ውስጥ ቀብራ። «እኔ ጅሉ ደግሞ ጃንጥላ፣ ጃንጥላ እላለሁ» አለ ፀጉሯን እየዳበሰ። ውጭ መንገድ የተዘጋበት መኪና ጥሩምባውን ያንባርቃል፤ አባትየው ግን አልተነሣም።

መምህርቷ አራቱም ነገ ወላጅ ይዘው እንዲመጡ አዘዘች። መተላለፊያው ላይ ሲወጡ ካፒቴን «ከሃዲ!» አለችና ዞር ሳትል ሄደች። መንትዮቹ ተከተሏት። አንዷ ለአፍታ ዞራ ዲክሽነሪን አየቻት፤ እህቷ ክንዷን ስትጎትታት ግን እሷም ሄደች።

አባትየው መኪናውን ሊያስተካክል ሲሮጥ አዲሷ ልጅ ደረጃው ላይ ብቻዋን ቀረች። ዲክሽነሪ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

«ይቅርታ» አለች።

ልጅቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «አባቴ አምኖኛል። እሱ ይበቃኛል» አለች። «ይቅርታሽን ግን ዛሬ አልፈልገውም።»

ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም እንጂ። ዲክሽነሪ «እሺ» ብቻ አለች።

ከሰዓት በኋላ ደወሉ ሲደወል ካፒቴንና መንትዮቹ ዋናው በር ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቆመው ነበር። የክፍል ልጆችም ወሬው ደርሷቸው ሳይሆን አይቀርም፣ አጥሩን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ሌላ ትንሽ በር አለ፤ ዘበኛውን ለመን ካደረጉት ይከፍታል። ዲክሽነሪ ወደዚያ አየች። ዛሬ ብታመልጥ ነገም እዚያው ናቸው። ከነገ ወዲያም።

ሲሰድቧት የምትመልስባቸው፣ ሲስቁባት አፋቸውን የምታስይዝባቸው አሪፍ አሪፍ ዓረፍተ ነገሮች በጭንቅላቷ ይመላለሳሉ። አንዱንም አልመረጠችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ከፍ አድርጋ ወደ ዋናው በር መራመድ ጀመረች።